«ዘመዴ ነው፤ እያስተማርኩት ነው»

ትናንት ሕልም አየሁ። እንደ ሰው ሌሊት አልጋዬ ላይ ተኝቼ አይደለም ያየሁት። እሑድ ረፋድ ላይ፣ በእድራችን አዳራሽ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጥኩ ነው። ይኼን ከወዲሁ የምናገረው ሰፈሩ ውስጥ «አቶ መርዕድ ጠጥቶ መጥቶ ነው» የሚል ወሬ ስለሚናፈስ ነው። አልጠጣሁም። ያስተኛኝ አቶ ልሳኑ ነው።

አቶ ልሳኑ የእድራችን ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ድንኳኑንና ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንና ጭልፋውን የሚጠብቀው እሱ ነው። ስብሰባው የተጠራው ለሌላ ጉዳይ ሆኖ ሳለ «በቅድሚያ አጭር ሪፖርት» ብሎ ተነሣና ስለ አንድ የጠፋ ጭልፋ ይተርክ ጀመር። በማን ለቅሶ እንደ ጠፋ፣ መጨረሻ ላይ ማን እጅ ላይ እንደ ታየ፣ እጀታው ምን ይመስል እንደ ነበር። እኔ ደሜ ይፈላል። ስብሰባው የተጠራው በእኔ ጥያቄ ነው፤ ጉዳዩም ጭልፋ ሳይሆን ይታይሽ ነበረች።

ይታይሽ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ወይዘሮ ሙሉመቤት የምትባል ጎረቤታችን ከገጠር አምጥታ ቤቷ ታሠራታለች። ልጅቱ ልብስ ታጥባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ የሴትዮዋን ሕፃን አዝላ ትውላለች። እስቲ ወይዘሮ ሙሉመቤትን ጠይቋት። «ምን ሠራተኛ ትሆናለች! ዘመዴ ናት፤ እያስተማርኳት ነው» ትላችኋለች። በዚህች በአንዲት ዐረፍተ ነገር ስንት ልጅ እንደ ተበላ የሚቆጥር የለም። ሠራተኛ ከተባለች ደመወዝ ይመጣል፣ ዕረፍት ይመጣል፣ ሕግ ይመጣል። ዘመድ ስትባል ግን ሰው ሁሉ «እሰይ፣ ጽድቅ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ አላልፍም። ነገር ሳይ ማለፍ አልተፈጠረብኝም፤ ለዚህም ነው ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ወዳጅ የሌለኝ።

ቤዛዊት የምትባል ወጣት አለች፤ ከአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተልካ እድር ለእድር እየዞረች ሰው የምታወያይ። «ጋሼ፣ ሕግ ሰው ቤት ዘው ብሎ አይገባም። እድር ግን ይገባል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፖሊስ የማይፈራ ሰው «ስትሞት ድንኳን አንተክልልህም» ሲሉት እሺ ይላል። ስለዚህ ለደንባችን አንድ አንቀጽ አረቀቅኩ፦ ልጅ የሚያሠራ አባል ለቅሶ ቢደርስበት እድሩ ድንኳን አይተክልለትም፣ ወንበር አይሰጠውም፣ አባሉም ልጁን በአስቸኳይ ይለቃል። ከዚያ የሚያስለቅስ፣ የሚያስቆጣ፣ የሚያሳፍር ንግግር አጥንቼ መጣሁ። አቶ ልሳኑ ጭልፋውን እስኪጨርስ ብቻ ነበር የምጠብቀው። አልጨረሰም። ዓይኔ ተከደነ።

አውቶቡስ ተራ ቆሜያለሁ። ተሳፋሪው አውቶቡሱን በትከሻው ተሸክሞ እየሮጠ ይወጣል፤ አውቶቡሱ ደግሞ ከላይ ሆኖ «በርቱ፣ ዳገቱ ደርሷል!» ይላል። መሬት ረግጠው የማያውቁ ሕፃናት በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሽበታም ሰዎች ተንበርክከው ጫማቸውን ይጠርጋሉ። አንዱ አራስ ጡጦውን ከአፉ አውጥቶ «ተረከዙን ረሳኸው፣ አባት» አለ። ማንም አልተገረመም። እኔም አልተገረምኩም፤ ሕልም እንዲህ ነው፣ ያደነዝዛል።

ኮት የለበሰ ፍየል መጥቶ አገጬን ያዘና አፌን ከፈተ።

«ጥርሱ ደኅና ነው» አለ። ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ። «ክንዱ ግን ከእስክሪብቶ በስተቀር የያዘው ነገር የለም። ምን ይደረግ፣ ዘንድሮ ጎልማሳ ጠፍቷል።»

«አንተ ማነህ?» አልኩት።

«ደላላ ነኛ! እናትህን አነጋግሬ ጨርሻለሁ። ከተማ ወስጄ አስተምርልሻለሁ ብያት እልል ብላ ነው የሸኘችን።»

«እኔ ሁለት ዲግሪ አለኝ!»

«አይዞህ፣ ይለቅሃል።»

እንደ ወባ አድርጎ ሲናገር አናደደኝና ሁለቱንም ዲግሪ ከደረት ኪሴ መዝዤ አፍንጫው ሥር ዘረጋሁለት። በሕልም ዲግሪ ኪስ ውስጥ ነው የሚያዘው። ፍየሉ ማኅተሙን አሸተተ፣ ፊርማውን ላሰ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ቆረጠመው። ሁለተኛውንም አስከተለ።

«ሁለተኛው ጨው ያንሰዋል» አለና በኮቱ እጅጌ አፉን ጠርጎ እያዳፋ ወሰደኝ።

የገባሁበት ቤት ጣሪያው ወገቤ ላይ ነበር። እመቤቲቱ ወይዘሮ ሚጡ ትባላለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከእኩዮቿ ጋር ተቀምጣ የሰው ስም ታነሣለች ትጥላለች። እኔ አጎንብሼ ቆምኩ።

«ይኼ ደሞ ማነው?» አለች አንዷ እንግዳ።

«ዘመዴ ነው፤ እያስተማርኩት ነው።»

«ውይ፣ ጽድቅ ነው እቴ! በምን በኩል ነው የምትዛመዱት?»

«በአዳም በኩል።»

«ምን ምን ታስተምሪዋለሽ?»

«ለጊዜው ዝምታ ነው። ግን ጭንቅላቱ አይቀበልም።»

«ይኼ ግፍ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ሰው ከቀዬው ተነቅሎ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ውል...»

«አያችሁ?» አለች ወይዘሮ ሚጡ፣ እጇን ዘርግታ። «ይኼው ነው ችግሩ።»

እንግዶቹ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁላት። አየሽ፣ ያንቺ ትዕግሥት ባይኖር የት ይወድቅ ነበር አሏት። እኔን ማንም አላየኝም፤ ጣሪያውን በራስ ቅሌ ደግፌ የያዝኩት እኔ ሆኜ ሳለሁ!

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ንጹሕ ልብስ ሰጡኝና እስኪቆሽሽ አጠብኩ። ሽንኩርቱ እኔን እየላጠ «ይቅርታ፣ ታዝዤ ነው» እያለ ያለቅስ ነበር። ውሃ ከቤት ቀድቼ በጀሪካን ወደ ቦኖው መለስኩ፤ ቦኖው ጉሮሮው ደርቆ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል፣ ጠጥቶ አይጠግብም። ጀርባዬ ላይ የታዘለው ሕፃን በስልክ ጤፍ ያሻሽጣል። «አልሰማህም፣ አህያዬ ይንጠኛል» አለ ለደንበኛው። አህያው እኔ ነኝ።

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ትምህርት ቤት ነው።

ዘበኛው ወይም መምህሩ ማለቴ አይደለም። ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው፤ ከነቆርቆሮው፣ ከነጥቁር ሰሌዳው፣ መሠረቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶት፣ እያለከለከ ደጃፉ ላይ ቆሟል። የሰንደቅ ዓላማውን ዘንግ እንደ ባርኔጣ ዝቅ አደረገ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ። «ተማሪ ፈልጌ ነበር። እዚህ ቤት አንድ አለ ብለውኝ ነው።»

«አለሁ!» አልኩ።

«ማነው እሱ?» አለች ወይዘሮ ሚጡ ከውስጥ።

«ትምህርት ቤት ነው፣ እመቤቴ።»

«ዛሬ እንግዳ አለብን። ነገ ይምጣ በለው።»

«ትናንትም እንደዚሁ ነው ያሉኝ» አለ ትምህርት ቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት ክርስትና ነበር። ከትናንት ወዲያ ልብስ አጠባ። ከዚያ በፊት ሕፃኑ አሞት ነበር። ደወሌን ስደውል ላንቃዬ ተሰነጠቀ።»

«እባክህ ጠብቀኝ፤ ይቺን ጨርሼ መጣሁ።»

«እንዴት ልጠብቅህ? መስኮቶቼ ብርድ አይችሉም። ደግሞ ገና ስንት ቤት አለብኝ።»

እያነከሰ ሄደ። ከኋላው አንድ ጠመኔ ወደቀችና «ቆየኝ እንጂ!» እያለች ተንከባለለች። እውነት ለመናገር አለቀስኩ። አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት፣ ስንት ሰው አዋጥቶ የሠራው፣ ቆርቆሮው ላይ የስንቱ ላብ ያለበት፣ በአንዲት ጥርስ አልባ ሴትዮ ቃል ከደጃፍ ሲመለስ! በሕልሜም በእውኔም የሚያበግነኝ ይኸው ነው፤ ማንም «አላስተምርም» አይል። ሁሉም «ነገ» ነው የሚለው።

ወዲያው አንድ መኪና ወደ ኋላ እየነዳ መጣ። ስምንት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ወረዱ። የለበሱት ሰደርያ ጉልበታቸው ድረስ ይደርሳል፤ ኮፍያቸው ላይ «ጎልማሶችን ከጉልበት ሥራ እንታደግ» ተጽፏል። አለቃቸው ባቢ ይባላል፤ ብሎኬት ላይ ወጥቶ ነው ከእኔ ጋር የተስተካከለው። ልቤ ዘለለ። ደረሱልኝ አልኩ።

«ይኼ ሰውዬ ዕድሜው ስንት ነው?» አለ ባቢ።

«ሰባት» አለች ወይዘሮ ሚጡ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

«ጢሙስ?»

«በልጅነቱ ኩፍኝ ይዞት ነው።»

«መላጣውስ?»

«እሱ የእናቱ ወገን ነው።»

«ውሸቷን ነው!» አልኩ። «ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ! ልጆች አሉኝ!»

ባቢ ወደ እኔ ሳይዞር እጁን አነሣ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አታቋርጠን። ስለ እርስዎ እኮ ነው የምንነጋገረው።»

ፎቶ አነሡኝ። «ትንሽ ይዘኑ። ከዚህም በላይ። አዎ፣ ያቺን ጀሪካን ቀና ያድርጓት። ቆንጆ! አሁን ደግሞ ከታደግንዎ በኋላ ያለውን፤ ይሳቁ።»

«መቼ ታደጋችሁኝ?»

«እሱ ይደርሳል። ብርሃኑ ሳይጠፋ ሁለቱንም እንጨርስ ብለን ነው።»

ሳቅኩላቸው። ምን ላድርግ? ከዚያ ጀሪካኑን አስቀምጬ «በሉ እንሂድ» አልኩ።

«ወዴት?» አለ ባቢ። «ዝም ብለን ብንወስድዎ እኮ ነገ ጠዋት ፍየሉ ሌላ ጎልማሳ ያመጣላታል። መጀመሪያ ማኅበረሰቡ ይወያይበት። ሰፈሩ ራሱ ነውር ነው ካላለ እኛ ብቻችንን የትኛውን ቤት ዘግተን የትኛውን እንጠብቃለን?»

ትክክል ነበር። የሚያናድደኝ ሰው ትክክል ሲሆን ደግሞ እጥፍ እናደዳለሁ።

ወደ ውይይቱ ሊወስዱኝ አሳፈሩኝ። መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ማቀዝቀዣ ነው፤ እኔ ላይ። «ማቀዝቀዣው የወይዘሮ ሚጡ ነው፤ እርስዎ ሲሄዱ የሚሸከመው ስለሌለ አብሮ ይመጣል» አሉኝ። በመንገድ ላይ ሜዳ ላይ ቆምን። በጎች ተሰልፈዋል። ከፊታቸው እናቶች ተደርድረዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ነገሩን ከምንጩ እያደረቅን ነዋ» አለ ባቢ። «ፍየሉ ሰው የሚያታልለው ጓዳው ባዶ የሆነውን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዷ በግ አንዲት እናት እናድላለን።»

አንዲት ባለ ላት በግ የደረሳትን እናት ዞራ አየቻትና አፍንጫዋን ነፋች። «ይቺ ከስታለች፤ ቀይሩልኝ።»

«እመይቴ፣ እናት አይመረጥም» አላት አዳዩ። «ውሰጂያትና ተንከባከቢያት።»

በጓ እያጉረመረመች ገመዱን ስትስብ አየኋት። የምትጎተተው እናቴ ናት።

«እማዬ! ፍየሉ ምን ብሎሽ ነው የላክሽኝ?»

«አስተምረዋለሁ አለኛ!» አለች እናቴ። «ኮት ለብሶ ሲመጣ ሰው መሰለኝ። አሁን ግን አታስብ። በጓ ታደልበኛለች፤ ለእንቁጣጣሽ ሸጣኝ ደብተር ትገዛልሃለች።»

«እማዬ፣ ይኼ እኮ የተገላቢጦሽ ነው!»

«ምን ታደርገዋለህ፣ ዘመኑ ነው» ብላ እየተጎተተች ሄደች። ደስ ብሏት ነበር። ደስ ማለቷ ነው ያስከፋኝ።

አዳራሹ ደረስን። ሰዎች በረድፍ ተንበርክከዋል፤ ወንበሮች ሰዎቹ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። መድረኩ ላይ ሰብሳቢዋ ቆማለች። ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ይታይሽ! ኮቴን ለብሳለች፤ እጅጌው መሬት ይጠርጋል። መነጽሬን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋለች። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ? ልጅቱ ታውቀኛለች፤ መከራውንም ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ተረፍኩ አልኩ።

ይታይሽ ጠረጴዛውን በቡጢ መታች።

«የጎልማሳ ጉልበት ብዝበዛ» አለች፣ «የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም! የኅሊና ውድቀት ነው! የአስተሳሰብ ኪሳራ ነው! ወደ ታሪክ መለስ ብለን ብናይ...»

ወንበሮቹ አጨበጨቡ። ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ ሐሳብ አለው፣ ወዝ አለው፣ የት እንደ ሰማሁት ግን አላስታውስም። ወደ ታሪክ መለስ አለች፤ ከዚያም ከታሪክ ሳትወጣ ቆየች። እኔ ማቀዝቀዣውን እንደ ተሸከምኩ ነኝ። በሩ ተከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል።

«ይታይሽ!» አልኩ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ይቺን ነገር አውርጂልኝ!»

«ቆይ ጋሼ፣ ገና መግቢያው ላይ ነኝ።»

«አንገቴ ሊሰበር ነው!»

«ይኼውላችሁ!» አለች ወደ ወንበሮቹ ዞራ፣ በጣቷ እያሳየችኝ። «ለዚህ ነው በዝርዝር መናገር የሚያስፈልገው!» እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

የባሰ ተጨበጨበላት። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሰው እያየኝ፣ ስለ እኔ እየተናገረ፣ ለእኔ እያዘነ፣ ከላዬ ላይ ግን አንድ ነገር የሚያወርድልኝ ጠፋ።

በመጨረሻ ከፊት ተቀምጦ የነበረ አንድ ድክ ድክ የሚል የሕግ ባለሙያ ተነሣና ሐሳብ አቀረበ። በዚያ አገር እድር የሚደርሰው ለለቅሶ ሳይሆን ለልደት ነው። «ጎልማሳ የሚያሠራ አባል» አለ፣ «በልደቱ ቀን ድንኳን አይተከልለት! ሻማውን ብቻውን ያብራ፣ ብቻውን እፍ ይበል!»

አብራን የመጣችው ወይዘሮ ሚጡ ብድግ አለች።

«ኬኬን ብቻዬን ልቁረጥ? ማን ሊያጨበጭብልኝ?»

«ማንም።»

«መልካም ልደት የሚለኝስ?»

«የለም።»

ቅድም በትምህርት ቤት ላይ በር የዘጋችው ሴትዮ ሆዷ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ካሜራ ያላስደነገጣት፣ መኪናውና ሰደርያው ያላስደነገጣት ሴትዮ፣ ጎረቤት አይመጣም ሲሏት ተልፈሰፈሰች። «እሺ፣ እሺ! ጎልማሳ ከሆነ ይሂድልኝ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ግን ሰባት ዓመቱ ነው ስላችሁ! ፍየሉን ጠይቁት።»

ፍየሉ ኮቱን ቆልፎ ቆመ። «ምንም ዓይነት ዲግሪ አላየሁበትም» ብሎ ማለ። ሲምል ከጥርሱ መካከል የማኅተም ቁራጭ ብቅ ብሎ ነበር። «ጥርሱን እዩ!» ብዬ ጮኽኩ። ማንም አላየም።

ይታይሽ ጠረጴዛውን መታች። «ይለካ! ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ይንካ። ከነካ ጎልማሳ ነው፣ ይለቀቃል። ካልነካ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ወደ ሳፋው ይመለሳል።»

ደስ አለኝ! ይኼንንማ አውቀዋለሁ። ድሮ እኛን አንደኛ ክፍል ሲያስገቡን የለኩን እንዲሁ ነው፤ የልደት ወረቀት የሚባል ነገር በሌለበት ዘመን ጆሮውን የነካ ይገባል፣ ያልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ማቀዝቀዣውን ወደ ግራ ትከሻዬ ገፋ አደረግኩና ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ ሰደድኩ። አልደረሰም።

«ቆዩ!» አልኩ። «ይኼ መለኪያ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም! አንደኛ...»

አንደኛ ስል ጭንቅላቴ አበጠ። በግልጽ ተሰማኝ። እጄ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ሁለተኛ...»

የበለጠ አበጠ። አሁን ጣቶቼ መሐል አናቴ ላይ ቀሩ።

«ጋሼ፣ አይናገሩ!» አለ ባቢ ከብሎኬቱ ላይ። «በተናገሩ ቁጥር ይሰፋል!»

«እንዴት አልናገርም? በገዛ ጉዳዬ?»

ጭንቅላቴ የወንበሮቹን ጀርባ ነካ። ወይዘሮ ሚጡ እንባዋን ጠርጋ ሳፋዋን ማዘጋጀት ጀመረች። ያኔ ደነገጥኩ። ያ ጣሪያ፣ ያ ሽንኩርት፣ ያ ጤፍ ሻጭ ሕፃን ዕድሜ ልኬን! ጥርሴን ነከስኩ። የምለው ነገር እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ መለስኩት። አንደኛውንም ዋጥኩት፣ ሁለተኛውንም ዋጥኩት። ጭንቅላቴ እየሟሸሸ መጣ። ጣቶቼ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

«ትንሽ ቀረው!» አሉ ወንበሮቹ ተነሥተው።

ጆሮ ግንዴ ላይ ደረስኩ።

«ሳብ! ሳብ! ሳብ!»

የጆሮዬን ጫፍ አገኘሁት። ጨመደድኩት። ነቃሁ።

ወንበሮቹ እንደ ወትሮው ከሰው ሥር ናቸው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ቀኝ እጄ በአናቴ ላይ አልፎ ግራ ጆሮዬን አንቆ ይዟል።

«አንድ እጅ አይቻለሁ» አለ የእድራችን ሰብሳቢ ሻምበል ገዛኸኝ። «ሌላ እጅ የሚያወጣ አለ? የለም። በቃ፣ ተወስኗል! አቶ መርዕድ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ምን እንደ ተወሰነ የነገረኝ አጠገቤ የነበረው ሰው ነው፤ እየሳቀ። አቶ ልሳኑ ጭልፋውን ጨርሶ ኖሯል። ቤዛዊት ተነሥታ በአጭሩ ተናግራለች። ያረቀቅኩት አንቀጽ ተነቦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ አንድ እንኳ የተቃወመ የለም። ወይዘሮ ሙሉመቤት «ድንኳን አይተከልም» የሚለው ሲነበብ ዓይኗ ፈጥጦ፣ ከዚያ አልቅሳ፣ «ልጅቷን ዛሬውኑ ወስዳችሁ ከነገር አውጡኝ» ብላለች። ይኼ ሁሉ የሆነው ያለ እኔ ንግግር ነው! ያንን ንግግር! ይኼን ሰፈር ይቅር የሚለው ይበለው፤ እኔ አልልም።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ቤዛዊት እንዳለችው የይታይሽን ቤተሰብ አፈላልጎ፣ አነጋግሮ፣ ልጅቱ ተመልሳ ደላላ እጅ የማትገባበትን መላ አዘጋጅቶ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ የሚያስጠጋትና የሚያስተምራት አንድ የእድሩ አባል ያስፈልጋል። «ማን ይወስዳታል?» ሲባል ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሻምበል ደጋግሞ ጠየቀ፤ እጅ ጠፋ። ያኔ ነው የእኔ ብቅ ያለችው። አንዳንዱ አወጣጧን ሳይወድላት አልቀረም፤ «ከልቡ ስለሆነ ነው ጭንቅላቱን ይዞ የማለው» ያለም ነበር።

ባለቤቴ ትርንጎ በክርኗ ጎኔን ጎሸመችኝ።

«መርዕድ! ምን መሆንህ ነው? እኔን ሳታማክር?»

«ተኝቼ ነበር» አልኳት በሹክሹክታ።

«ተኝተህማ አይደለም፤ እጅህ ቆሞ!»

ልትቀጥል ነበር። ግን ይታይሽ በሰው መካከል እየተሹለከለከች መጣችና ፊታችን ቆመች። በአንድ እጇ ፌስታል ይዛለች፤ ያላት ልብስ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ትርንጎ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ጀርባዋን የሚያማትን ባለቤቴን አውቃታለሁ፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ፊቷ ግን ቀስ በቀስ ሲፈታ፣ ንዴቱ ሄዶ ሌላ ሐሳብ ሲመጣበት አየሁ። የልጅቱን እጆች ነበር የምታየው።

«ጋሼ» አለች ይታይሽ።

«አቤት ልጄ!»

«ትምህርቱ የቀን ነው የማታ?»

ፌስታሉን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«እትዬ ሙሉመቤት ጋ የማታ ነበር» አለች። «ሥራ ስጨርስ ነው የምሄደው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ስል እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«ለጊዜው የማታ ይሁን» አለች ባለቤቴ።